ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፦ ከኤላት ባሕር እስከ ሳሎን የደረሰው “የሚያጨበጭብ አበባ”

ቤት ማሳመር የማይወድ ወጣት መቼም የለም። አንዱ ግድግዳውን በሥዕል ይሞላል፣ ሌላው ሳሎኑን በባለቀለም መብራት ያንቆጠቁጣል። አንዳንዱ ደግሞ አሳ ያረባል። እኛ ሀገር በየካፌው መስተዋት ውስጥ ስትንሸራሸር የምናያት ያቺ ወርቃማ አሳ ጨው የሌለው ውሃ ልጅ ነች። ውሃዋን በጊዜው ከለወጡላትና ምግቧን በልኩ ካገኘች ሌላ ጣጣ የላትም። በውጭ ሀገር የሚኖሩ አንዳንድ ልጆቻችን የያዛቸው አምሮት ግን ሌላ ነው። ባሕሩን ከነጨው፣ ከነድንጋዩ፣ ከነአበባው ሳሎን ማስገባት!

“አበባ” ስንል ግን ተጠንቀቁ። አበባ ይመስላል እንጂ አበባ አይደለም። ኮራል ይባላል፤ አረቦቹ “መርጃን”፣ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎቹ “አልሞግ” ይሉታል። እንስሳ ነው። አፍ አለው፣ ጣት አለው፣ ይበላል፣ ይዋለዳል። ከመካከላቸው አንዳንዱ ደግሞ አንዴ ቤት ከገባ ጎረቤቱን ገፍቶ፣ ድንጋዩን ወርሶ፣ መስተዋቱ ላይ የሚንጠላጠል ጉደኛ ነው። የዚህ ሳምንት ጉዟችን የዚህ ጉደኛ የትውልድ ሀገር ወደሆነው ወደ ቀይ ባሕር ነው። (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍነው።)

አራት ሀገር በአንድ ዓይን

ኤላት የእስራኤል የደቡብ ጫፍ ነች። ከቴል አቪቭ በአውቶቡስ የተሳፈረ ሰው አምስት ሰዓት ያህል መንገድ ይጠብቀዋል። ከቤርሼባ በኋላ ያለው የኔጌቭ በረሃ ነው። ቀኝም ግራም ራቁቱን የቀረ ተራራ፣ አሸዋ፣ አልፎ አልፎ የቴምር እርሻ። እንቅልፍ የማይጥለው ተሳፋሪ የለም። ከዚያ አውቶቡሱ ቁልቁል ሲወርድ ድንገት ሰማያዊ ነገር ከፊት ይዘረጋል፤ ሰው ሁሉ ይነቃል።

ከተማዋ በአማካይ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ይሄ ለሰው መከራ ይሁን እንጂ ለባሕሩ ሲሳይ ነው። ወንዝ የለም፣ ጎርፍ የሚያመጣው ደለል ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ውሃው እንደ መስተዋት ጠርቷል። የፀሐዩ ብርሃን እስከ ታች ይዘልቃል። ከባሕር ዳር ቆሞ ላየ ሰው ፊት ለፊት የዮርዳኖስ ከተማ አቃባ፣ ከሷ ወደ ደቡብ የሳዑዲ ተራሮች፣ በዚህ በኩል ደግሞ የግብፅ ድንበር ታባ ይታያሉ። አራት ሀገር በአንድ ዓይን!

መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ደግሞ ቦታውን ያውቀዋል። ንጉሥ ሰሎሞን መርከቦቹን ያሠራባት ዔጽዮንጋብር በኤሎት አጠገብ፣ በዚሁ ባሕር ዳር እንደነበረች መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 9 ይናገራል። የሚቀጥለውን ምዕራፍ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ ንግሥተ ሳባ የምትመጣው እዚያ ላይ ነው። ይኸው ውሃ ቁልቁል ወደ ደቡብ ቢከተሉት ምጽዋንና የዳህላክ ደሴቶችን ያገኛል። ሩቅ ሀገር የሄድን ይመስለናል እንጂ አያቶቻችን የሚያውቁት ባሕር ነው።

ከባሕሩ ሥር

ከከተማዋ ወደ ታባ በሚወስደው መንገድ ላይ የተከለለ የኮራል ዳርቻ አለ። ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው፤ ግን ውስጡ የሚኖረው ፍጥረት ለአንድ አህጉር ይበቃል። የአፍንጫ መሸፈኛና መተንፈሻ ቱቦ ተከራይቶ መግባት ይቻላል። ዋና የማይችል ሰውም አይከፋው። የባሕር ሥር መመልከቻ ቤት አጠገቡ አለ። በድልድይ ወደ ባሕሩ ይገባሉ፣ በጠመዝማዛ ደረጃ ይወርዳሉ፣ ከዚያ ሰው በመስተዋት ውስጥ ይሆናል፣ አሳው ደግሞ በውጭ! ማን ማንን እየጎበኘ እንደሆነ ያደናግራል።

ኮራል ሁለት ዓይነት ነው እንበል። አንደኛው ደረቁ ነው። ከውሃው ካልሲየም እየወሰደ የኖራ ድንጋይ ቤት ይሠራል። አንዳንዱ በዓመት የሚያድገው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እንግዲህ በቁመት አንድ ሰው የሚያህለውን ስታዩ ስንት ትውልድ እንዳለፈበት አስቡት። ሁለተኛው ለስላሳው ነው። ድንጋይ አይሠራም፤ ሥጋው እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ውሃው ወዲያ ሲሄድ ወዲያ፣ ወዲህ ሲመጣ ወዲህ ይወዛወዛል። ቤት ስለማይሠራ ጉልበቱን ሁሉ መዋለድ ላይ ያውለዋል። ወሬው እዚህ ላይ ነው።

ከለስላሳዎቹ መካከል ዓይን የሚይዘው ዜኒያ የሚባለው ነው። አጭር ግንድ፣ ከላዩ ብዙ ትንንሽ እጅ፣ እያንዳንዱ እጅ ላይ እንደ ላባ የተበጣጠሱ ስምንት ጣቶች። እጁ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይከፈታል፣ ይዘጋል። ያለ ከበሮ፣ ያለ ዘፈን ያጨበጭባል! አጠገቡ የቆመ ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ከሱ ጋር ሲያስተካክል ይገኛል።

ለምን ያጨበጭባል? ፈረንሳዊው ላማርክ ይህን ካስተዋለ 200 ዓመት አልፎታል፤ መልሱ የተገኘው ግን በ2013 ነው። በኤላት ባሕር ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ዜኒያ በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎችን ያኖራል። እነሱ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ ለባለቤቱ ያካፍላሉ። ምግብ ሲሠሩ ግን ኦክስጅን ይወጣል፤ ኦክስጅኑ ሲጠራቀም ሥራቸው ይዘገያል። ማጨብጨቡ ያንን ኦክስጅን ጠርጎ ያስወጣል፣ አዲስ ውሃም ያመጣል። በሚያጨበጭብበት ጊዜ የምግብ ሥራው ካረፈበት ጊዜ እስከ 10 እጥፍ ይደርሳል ተብሏል። እኛ ጭፈራ የመሰለን ለካ የወጥ ቤት ሥራ ነው!

ስሙም የራሱ ወግ አለው። ላማርክ በ1816 “ዜኒያ” ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ በግሪክኛ እንግዳ ተቀባይነት ማለት ነው። ከሱ በኋላ ሁለት ጀርመናውያን ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የቀይ ባሕርን ፍጥረት ሊሰበስቡ መጥተው ነበር። ሄምፕሪክ በ1825 ምጽዋ ላይ በበሽታ ሞተ። ኤረንበርግ ብቻውን ተመልሶ በ1834 ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች ጻፈ። ዛሬ በሳሎን የሚያብረቀርቀው ጌጥ የሰው ሕይወት የተከፈለበት እውቀት አለበት።

የሆቴሉ ልጅ ባሕር

ኤላት የሆቴል ከተማ ነች፤ በሆቴሎቹ ጓዳና ኮሪደር አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም። ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ወጣት በአንዱ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራል። እናቱ የጎንደር ሰው ናቸው፤ አብረው ይኖራሉ። እጮኛም አለችው። ሳሎናቸው ስትገቡ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ የሚታየው 200 ሊትር የሚይዝ መስተዋት ነው።

“ይኼ ልጅ ባሕሩን ቤቴ አስገባብኝ” ይላሉ እናቱ ቡና እየቀዱ። “ድሮ ባሕር የምናየው ወርደን ነበር። አሁን ተቀምጬ ያየኛል።”

ልጁ መጀመሪያ የገዛው አውራ ጣት የምታክል የዜኒያ ቁራጭ ነበር። እጮኛው ወደደችው። ማታ ማታ መብራቱን አጥፍተው በሰማያዊው አምፖል ብቻ ሲያጨበጭብ ያያሉ። በወሩ አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አራት። ደስ አለው፤ “ተስማማው” አለ። ከዚያ ግሪን ስታር የሚባለውን ጨመረ። ከሥር ሐምራዊ ምንጣፍ፣ ከላይ አረንጓዴ ኮከብ የመሰለ ነው። ሰው የሚገዛው ለውበቱ ነው፤ ምንጣፉ ግን ያገኘው ላይ ሁሉ ይለጠፋል። ድንጋይ፣ ፓምፕ፣ መስተዋት አይመርጥም።

ዓመት ሳይሞላ መስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ሁለቱ ብቻ ሆኑ። ለሁለት ዓመት እንደ ልጅ ያሳደገው ደረቅ ኮራል ነበረው፤ ዜኒያው ብርሃኑን ጋረደው፣ ምንጣፉ ከሥሩ ወጣበት፣ ግማሹ ነጥቶ ሞተ። እጮኛው “እነዚያ የምወዳቸው ቀለሞች የት ሄዱ?” አለች። አባቶች ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ልጁ በምላጭ ፋቀ፣ ነቀለ፣ አንድ ባልዲ ሞላ። አሁን ጥያቄው፦ ባልዲው የት ይደፋ? በሕይወት ያለ ፍጥረት ነው፣ ቆሻሻ ላይ መጣል አሳዘነው። ባሕሩ ደግሞ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። “የቀይ ባሕር ልጅ አይደል እንዴ? ወደ እናቱ ቢመለስ ምን ክፋት አለው?” አለ።

መልሱን የሰጡት እናቱ ናቸው። “አይሆንም ልጄ! ደምቢያ ያለችው እህቴ በስልክ ስለ እምቦጭ የነገረችኝን ሰምተሃል። እሱም አበባ ነው አሉ። አበባው ጣናን ምን እንዳደረገው ጠይቃት።”

እናት ልክ ናቸው

እውነታቸውን ነው። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ ዓለምን ያዳረሰው ሐምራዊ አበባው አምሮ ሰዎች ለጌጥ ወዲያ ወዲህ ስላመላለሱት ነው። ጣና ላይ በ2011 ታየ፤ ከዚያ በኋላ ገበሬና ዓሣ አስጋሪ ወገቡ እስኪጎብጥ ሲያርም ከረመ።

የባሕሩም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። በ1984 ሞናኮ ባለው የባሕር ሙዚየም ሥር አንድ ካሬ ሜትር የምትሆን የጌጥ አልጌ ታየች፤ በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የሜዲትራኒያንን ሰፊ ወለል አለበሰች። ቬኔዝዌላ ውስጥ ሞቺማ በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ከዜኒያ ቤተሰብ የሆነ የእስያ ለስላሳ ኮራል ገብቶ የባሕሩን ወለል እንደ ምንጣፍ ሸፈነው። የገባው በጌጥ ንግድ በኩል እንደሆነ ይታመናል። ይኸው ዝርያ በ2020 ሃዋይ፣ ፐርል ሃርበር ውስጥ ተገኘ። በ2023 ደግሞ በፖርቶ ሪኮ ደቡብ ምዕራብ ጠላቂዎች የሚያጨበጭብ ነገር አዩ። ሲመረመር ዜኒያ ኡምቤላታ ሆነ፤ የእኛው የቀይ ባሕር ልጅ! አትላንቲክን በራሱ ዋኝቶ አልተሻገረም።

“ቀይ ባሕር ግን ሀገሩ ነው” የሚል አይጠፋም። ሀገሩ ቢሆንም፣ ከሱቅ የተገዛው ቁራጭ ከየት እንደመጣ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ብዙው የሱቅ ኮራል የኢንዶኔዢያና የአካባቢው ነው፤ ዝርያዎቹም በዓይን አይለዩም። ደግሞ መስተዋት ውስጥ ከየውቅያኖሱ የመጡ ፍጥረታት አንድ ውሃ ጠጥተዋል፤ አንዱ የሌላውን ተሕዋስ ይዟል። በሽታ ባሕር ውስጥ እንዴት እንደሚሮጥ ኤላት ራሷ አይታለች። በ2023 መጀመሪያ ጥቁርና ረጃጅም እሾህ ያለው የባሕር ጃርት በአንድ ጥቃቅን ተሕዋስ ምክንያት በጥቂት ወራት ውስጥ አለቀ። እሱ ከአሳ አርቢ ቤት ወጣ አላልንም፤ ግን ባሕር ግድግዳ እንደሌለው ያሳያል። ሕጉም አለ። ከኤላት ባሕር ኮራል መንቀል ቀርቶ የሞተውን ቁራጭ ማንሳትም ክልክል ነው።

ልጁ ምን አደረገ? ጤነኛውን ቁራጭ የዕቃ መለዋወጫ ስምምነት ላለው ሱቅ ሰጠ። የቀረውን በላስቲክ አስሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ አደረቀውና ከቆሻሻ ጋር ጣለው። እናቱ ማቀዝቀዣቸው ውስጥ ሲያዩት “ደግሞ ይኼን ልትቀቅለው ነው?” አሉ ይባላል።

እንግዲህ ምክር

ዱባይም ሁኑ ዋሽንግተን፣ ቤርሼባም ሁኑ ለንደን፣ ለስላሳ ኮራል ቤት ለማስገባት ያሰባችሁ እነዚህን ያዙ።

1. አትቸኩሉ። አዲስ መስተዋት ውሃ ሞልቶ በማግስቱ ኮራል አይገባበትም። ቆሻሻውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ እስኪሆኑ በመመርመሪያ እያያችሁ ጠብቁ። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ፣ ጨዉ በሊትር 35 ግራም ያህል ይሁን። ውሃው ሲተን ጨዉ እንደማይተን አትርሱ፤ የጎደለውን የምትተኩት ጨው በሌለው ንጹህ ውሃ ነው።

2. ደሴት ስጡት። ትልቁ ብልሃት ይሄ ነው። ዜኒያንና ግሪን ስታርን ከዋናው ድንጋይ ጋር አታጣብቁ። አሸዋው መሐል ለብቻው ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፤ ከሌላው ድንጋይም ከመስተዋቱም አንድ ስንዝር ይራቅ። አሸዋው እንደ ቦይ ያግደዋል። ሙሉ በሙሉ ግን አትመኑት፤ ዜኒያ ቀስ ብሎ ይራመዳል።

3. ጠባዩን እወቁ። ኬንያ ትሪ የሚባለው እንደ ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፉን ይጥላል፣ የወደቀው ሁሉ ሥር ይሰድዳል። እንጉዳይ የመሰለው ደግሞ ሲንቀሳቀስ ከሥሩ ቁራጭ ትቶ ያልፋል፤ ቁራጩ ሌላ እንጉዳይ ይሆናል። የምትገዙትን “እንዴት ይዋለዳል?” ብላችሁ ሳትጠይቁ ገንዘባችሁን አታውጡ።

4. ሳይቃጠል በቅጠል። በየሳምንቱ ጠርዙን እዩ። ከደሴቱ የወጣውን በትንሽነቱ ፋቁት። ስትቆርጡ ፓምፑን አጥፉ፤ አለበለዚያ ፍርፋሪው በየጥጉ ይበተንና አንዱን ስትነቅሉ አሥር ትተክላላችሁ። ፍርፋሪውን በወንፊት ልቀሙ።

5. ምግብ አታብዙ። የተትረፈረፈ የአሳ ምግብ ውሃውን ያወፍረዋል፤ እነሱ ደግሞ ወፈር ያለ ውሃ ይወዳሉ። ስርጭቱን የሚያፋጥነው አንዳንድ ጊዜ የእናንተው እጅ ነው።

6. ከሰል ተጠቀሙ። ለስላሳ ኮራል እሾህ የለውም ብላችሁ አትናቁት፤ ጎረቤቱን የሚያጠቃበት ኬሚካል ውሃ ውስጥ ይለቃል። ለአኳሪየም የሚሸጠው ከሰል ማጣሪያ ውስጥ ይደረግ፣ በየጊዜው ይለወጥ። ዜኒያ አንዳንዴ ያለ በቂ ምክንያት በአንድ ሌሊት ይቀልጣል። ያኔ ሬሳውን ወዲያው አውጡ፣ ውሃውን በከፊል ለውጡ፣ አሞኒያውን መርምሩ፤ ካልሆነ አሳዎቹንም ይዞ ይሄዳል።

7. ይሄኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። ዞአንታስና ፓሊቶአ የሚባሉ፣ እንደ አዝራር ተደርድረው የሚያድጉ የኮራል ዘመዶች አሉ። እነሱም ቶሎ ይሰራጫሉ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ኃይለኛ መርዝ አላቸው። ያለጓንትና ያለመነጽር አትቁረጧቸው። ከሁሉ በላይ፣ ይሙቱልኝ ብላችሁ ድንጋዩን አትቀቅሉ፣ የፈላ ውሃም አታፍስሱበት። በእንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ጭራሽ ቢቀር ይሻላል።

8. ወደ ባሕር፣ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ወንዝ፣ ወደ ጎርፍ ቦይ አትጣሉ። ኮራሉን ብቻ ሳይሆን ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ውሃውንም። የበዛባችሁን ለሚያውቅበት ሰው ስጡ፤ ተቀባይ ከጠፋ አድርቁት ወይም በማቀዝቀዣ አቆዩትና ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይሂድ። ያሳዝናል? ያሳዝናል። ሐዘኑ ግን በአንድ ባልዲ ያልቃል። ባሕር ውስጥ የገባው አያልቅም።

እና አናስገባው ወይ?

እንዲያ አላልንም! ለጀማሪ እንደ ለስላሳ ኮራል የሚመች የለም። ደረቁ ኮራል ጥቂት ስህተት አይችልም፤ ለስላሳው ግን መካከለኛ ብርሃንና የተረጋጋ ውሃ ካገኘ ይበቃዋል። ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ፊቱ ቁጭ ብሎ ሲያየው ልቡ ይረጋል። ለሁለት ቢታይ ደግሞ የበለጠ ያምራል።

ቅሉ ግን፣ ቶሎ ያደገ ሁሉ የተስማማው አይደለም፤ አንዳንዱ ሌላውን እየበላ ነው የሚያድገው። ይሄ ለኮራል ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። ላማርክ እንግዳ ተቀባይነት ብሎ የሰየመውን ቤታችሁ ስታስገቡ፣ ወንበሩን አሳዩት፣ ቡናውን ስጡት፤ የቤቱን ቁልፍ ግን አትስጡት።

ኤላት የምትሄዱ ደግሞ ወደ መመልከቻው ውረዱና በነጻነቱ እዩት። እዚያ የሚበሉት አሉ፣ የሚጋፉት አሉ፣ ማዕበሉም ልኩን ያሳየዋል። ለዚህ ነው ባሕሩ ውስጥ አንዱ ብቻውን ሳይነግሥ ሺህ ቀለም አብሮ የሚታየው። ሳሎናችሁ ውስጥ ግን ልክ አስያዡ እናንተ ብቻ ናችሁ።